ኮንከር እንዴት እንደምንጫወት

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ሮቤ ላይ የቀረበ ንግግር። ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል።)



አዘጋጅ ኮሚቴው በላከልኝ ደብዳቤ ላይ «ከምረቃ በኋላ ያለው ሕይወት» በሚል ርዕስ ሃያ ደቂቃ እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። ሞክሬያለሁ። ሁለት ገጽ ጽፌ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ጨርሳ ካዳመጠች በኋላ «ይሄንን እኮ ማንም ሊናገረው ይችላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለ ሥራ ፍለጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ማሳደግ እኔ ከእናንተ የተለየ የማውቀው የለም።

ርዕሱን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ስድስት ሆነን በአንድ መኪና ነበር የመጣነው። እንደምታውቁት ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወሬ የሚያልቅበት መንገድ ነው። ለምሳ የቆምንበት ቦታ ላይ ከቦርሳዬ ካርታ አወጣሁና «ኮንከር?» አልኩ። ከእኛ በጣም ዘግይቶ የተመረቀ አንድ ወንድማችን አብሮን ነበር። «ስልክ ላይ እጫወታለሁ» አለ። ካርታውን ሰጠሁት፤ መበወዝ አቃተው። በጣቶቹ መካከል ተበተነበት። ማደልም፣ እጅ ላይ መደርደርም፣ ማን ምን እንደጣለ መከታተልም ለካ ስልኩ ነበር የሚሠራለት።

ያኔ ወሰንኩ። ዛሬ ኮንከር እንዴት እንደሚጫወቱ እናገራለሁ። መጽሔቱ ላይ ታትሞ ይቀመጥ። ደግሞም ከኮንከር ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ሂሳብ አለብኝ፤ እሱንም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ። መምህራኖቻችን ይቅርታ አድርጉልን፤ ነጥባችንን አሁን መቀነስ እንደማትችሉ ስለማውቅ ነው የደፈርኩት።

ከመነሻው ልጀምር። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እዚህ የደረስኩት በ2002 ነው፤ ከቆላ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ ከዚያ ትበልጣለች። ብርድ የሚባለውን ነገር ያወቅኩት እዚህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ የተረሳ ውኃ ጠዋት ላይ ስስ በረዶ ይዞ ይገኛል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ብርድ ልብስና ጓደኛ።

በእኛ ዶርም ሁለቱም በአንድ ቦታ ይገኙ ነበር። የታችኛው አልጋ ላይ አራት ሰው እግሩን በአንድ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ይቀመጣል፤ መሐል ላይ ጋቢ ይነጠፋል፤ ካርታው ጋቢው ላይ ነው። አራታችን የጎባው ልጅ፣ የደብረ ማርቆሱ ልጅ፣ የደሎ መናው ልጅና እኔ ነበርን። ስማቸውን የማልጠራበትን ምክንያት ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ጨዋታው።

ኮንከር የሰበሰባችሁትን የምታሟሉበት ጨዋታ ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ወይም ተከታታይ ቁጥር እየሰበሰባችሁ፣ አንድ እየሳባችሁ አንድ እየጣላችሁ፣ እጃችሁን ቀድማችሁ ታሟላላችሁ። በዓለም ላይ ራሚ የሚባሉት ጨዋታዎች ወገን ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮንኪያን የሚባል ጨዋታ ነበራቸው፤ የካርታ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከራሚ ቀደምት አያቶች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። በአረብ አገሮች ኮንካን የሚባል አለ። ሕንዶች በአሥራ ሦስት ካርታ የሚጫወቱት ራሚ አላቸው። ካርታ ራሱ አውሮፓ የደረሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የመጣውም በማምሉኮች ዘመን ከነበረችው ግብፅ በኩል ነው። እንግዲህ ጋቢ ላይ ያነጠፍነው ነገር ዘመዱ ብዙ ነው። እኔ የምነግራችሁ ግን የእኛን ዶርም ሕግ ነው። ሌላ ብሎክ፣ ሌላ ሰፈር ሌላ ሕግ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው፤ ካርታው ከመታደሉ በፊት ሕጉን ተነጋገሩ። ብዙ ጠብ የሚነሳው ካርታው ከታደለ በኋላ ሕግ ሲወጣ ነው።

ሁለት ሙሉ ካርታ ይቀላቀላል። 104 ይሆናል። አራት ጆከር ሲጨመርበት 108። ሁለት የተለያየ ጀርባ ያለው ካርታ ከሆነ ግድ የለም፤ የእኛ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ ነበር፤ አንዷ የጠፋች ባለ ዘጠኝ ደግሞ ከደብተር ሽፋን ተቆርጣ በእስክሪብቶ የተሠራች ነበረች። እሷን ማን እንደያዛት ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም እንጫወት ነበር።

አዳዩ በደንብ ይበውዛል። በግራው ያለው ሰው ይቆርጣል። ከዚያ አዳዩ ለእያንዳንዱ ሰው 13 ካርታ ያድላል፤ በቀኙ ላለው ግን 14 ይሰጠዋል፤ ጨዋታውን የሚጀምረው እሱ ነውና። ለአራት ሰው 53 ካርታ ወጣ ማለት ነው። የቀረው 55 ተገልብጦ መሐል ላይ ይከመራል።

ግቡ ይሄ ነው፤ በእጃችሁ ያለውን 13 ካርታ አራት ቦታ መክፈል። አንዱ ክፍል ባለ አራት፣ ሦስቱ ክፍሎች ባለ ሦስት። አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፤ ድምሩ 13። እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ዓይነት አንዱ መሆን አለበት። ወይ ተመሳሳይ ቁጥር በተለያየ ምልክት፤ ለምሳሌ ሰባት ልብ፣ ሰባት ስፔድ፣ ሰባት አበባ። ወይ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር በአንድ ምልክት፤ ለምሳሌ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዳይመንድ። ጆከር የጎደለውን ይተካል።

እዚህ ላይ አዲስ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሁለት ካርታ ስለተቀላቀለ ሁለት ሰባት ልብ አለ። ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ «ጥንድ አገኘሁ» ብላችሁ ደስ ይላችኋል። በእኛ ሕግ ግን ያ ጥንድ አይደለም፤ አንዱ ትርፍ ነው። ምልክቱ መለያየት አለበት። የደብረ ማርቆሱ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ሁለት ኪንግ ስፔድ አቅፎ ነው ያደረው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። 14 የያዘው አንድ ይጥላል። ቀጥሎ ያለው ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ አሁን የተጣለውን ያነሳል፣ ወይ ከክምሩ አንድ ይስባል። ከዚያ አንድ ይጥላል። እንዲህ እየተባለ በቀኝ ይዞራል። የተጣለን ካርታ ማንሳት የሚችለው ቀጥሎ ያለው ሰው ብቻ ነው። እሱ ካለፈው ሞተ፤ «ቅድም እኮ ልፈልገው ነበር» ማለት የለም። ክምሩ ካለቀ የተጣለው ተሰብስቦ ይበወዝና እንደገና ይገለበጣል።

የሞላለት ሰው ትርፏን ካርታ ገልብጦ ይጥልና «ዘጋሁ» ይላል። እጁን ጋቢው ላይ ይዘረጋል፤ ሁሉም ያያል። ሳይሞላለት በስህተት «ዘጋሁ» ያለ ሰው ይቀጣል። እኛ ጋ ቅጣቱ ለሁሉም ሻይ ማፍላት ነበር።

እስቲ አንድ እጅ ላሳያችሁ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ልብ አለኝ። ሦስት ኪንግ በተለያየ ምልክት አለኝ። ከአራት እስከ ሰባት አበባ አለኝ፤ ይሄ ባለ አራቱ ክፍል ነው። እስካሁን አሥር ካርታ። የቀሩኝ ሦስቱ፤ ሁለት ስፔድ፣ ሁለት ዳይመንድ፣ አንዲት የማትረባ ጃክ። ምን እየጠበቅኩ ነው? ሁለት ልብ ወይም ሁለት አበባ። እያንዳንዳቸው በካርታው ውስጥ ሁለት ሁለት ናቸው፤ አራት ሆኑ። አራት ጆከር ሲጨመር ስምንት ካርታ ሊያዘጋኝ ይችላል።

ይሄን ስምንት የሚለውን ቁጥር ያስተማሩን አንድ የስታቲስቲክስ መምህራችን ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት ከኋላችን መጥተው ቆሙ። እኛ ደንግጠን ካርታውን ጋቢው ሥር ከተትን። «አውጡት» አሉ። አወጣን። «አንተ ምን እየጠበቅክ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ዕድልህ ስንት ነው?» አሉ። እኔ «እግዜር ያውቃል» አልኩ። ሳቁና ቁጭ አሉ። «እሱማ ያውቃል፤ አንተ ነህ የማታውቀው። ከ108 በእጅህ ያለው 13 ነው። ያላየኸው 95። ከ95ቱ ስምንቱ ያንተ ናቸው። በአንድ መሳብ ከ12 አንድ ጊዜ ገደማ። አሁን መሬት ላይ የተጣለውን ቁጠር» አሉ። ቆጠርኩ። ሁለቱም ሁለት ልብ ተጥለው ነበር! እኔ ለካ ግማሹ የሞተ ነገር ነበር የምጠብቀው።

ከዚያ ቀን በኋላ የጨዋታችን ደረጃ ተለወጠ። ሁለት ጫፍ ያለው ተከታታይ፣ ለምሳሌ አምስትና ስድስት ልብ፣ አራትን ወይም ሰባትን ይቀበላል፤ ከጆከር ጋር ስምንት ዕድል ነው። መሐሉ የጎደለ ከሆነ ግን፣ አምስትና ሰባት ልብ ማለት ነው፣ ስድስትን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ከጆከር ጋር ስድስት ዕድል፤ ከ16 አንድ። ስለዚህ ምርጫ ሲመጣ መሐሉ የጎደለውን አፍርሱ። ጆከር ካላችሁ ቶሎ አታስሩት፤ የት እንደሚያስፈልግ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው። ኪንግና ኩዊንን ደግሞ ተስፋ ከሌላቸው ቀድማችሁ ጣሉ፤ ዳር ላይ ስለሆኑ ከመሐል ቁጥሮች ያነሰ ተከታታይ ውስጥ ነው የሚገቡት።

ይሄ ሁሉ ሂሳብ ነው። ሂሳብ ግን የኮንከር ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ሰው ነው።

የምትጥሉትን ካርታ ማንሳት የሚችለው በቀኛችሁ ያለው ጓደኛችሁ ነው። ስለዚህ ለራሳችሁ የማትረባዋን ብቻ ሳይሆን ለእሱም የማትረባዋን ነው መጣል ያለባችሁ። ያን ለማወቅ እሱን ማየት አለባችሁ። ምን አነሳ? ምን አለፈ? የትኛውን ሊጥል አንስቶ መለሰው? የጎባው ልጅ ጆከር ሲያገኝ ወሬ ያበዛ ነበር። የደብረ ማርቆሱ ጥሩ እጅ ሲይዝ ዝም ይላል፤ መጥፎ ሲይዝ ያዜማል። አንድ ሴሚስተር አብራችሁ ከተጫወታችሁ ጓደኛችሁን ከእናቱ ባልተናነሰ ታውቁታላችሁ። የኮንከር ጣዕሙም እዚህ ላይ ነው። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው።

አሁን ሂሳቤን ልናገር።

የደሎ መናው ልጅ በቀኜ ነበር የሚቀመጠው። አገሩን ለማታውቁት፣ ከጎባ ተነስታችሁ ሳነቴን ትወጣላችሁ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቀይ ቀበሮና ፍልፈል ብቻ የሚኖሩበት የሚመስል ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱን፣ 4,377 ሜትሩን ተራራ፣ በጎን ታልፋላችሁ። ከዚያ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ከሥራችሁ ደመና ታያላችሁ። ደመናው ውስጥ ስትወርዱ ኮሶ፣ ቀርከሃ፣ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለበት ትልልቅ ዛፍ፤ ሐረና ጫካ ገባችሁ ማለት ነው። ወደ ታች ሲወረድ ቡናው ማንም ሳይተክለው ከዛፍ ሥር በቅሎ ይገኛል። ከጫካው በታች ሙቀቱ ደሎ መና ላይ ይቀበላችኋል። የጓደኛዬ አባት ከዚያ ጫካ ቡና የሚለቅሙ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ።

ኅዳር 2003 ላይ፣ ዓረፋ ሊደርስ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አባቱ 400 ብር ላኩለት። በባንክ አይደለም፤ በሚያውቁት የአይሱዙ ሾፌር እጅ ነው። ለመሳፈሪያ፣ ለኮፒ፣ ለታናናሾቹ አንዳንድ ነገር ገዝቶ እንዲመጣ። ብሩ የቡና ብር ነበር፤ ልጁ ሲቆጥረው አይቻለሁ።

እስከዚያ ድረስ በገንዘብ ተጫውተን አናውቅም። የዚያን ዕለት ማታ ከመካከላችን አንዱ «ለሙቀት ያህል በአምስት አምስት ብር እናድርገው» አለ። ከመካከላችን አንዱ ስል፣ እኔ ነኝ። አምስቱ አሥር ሆነ። አሥሩ ሃያ ሆነ። የጎባው ልጅ ቀድሞ ተነሳ፤ የደብረ ማርቆሱ ተከተለ። እኩለ ሌሊት አልፎ ሁለታችን ቀረን።

እኔ ስለ ጓደኛዬ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ሊዘጋ አንድ ካርታ ሲቀረው ካርታዎቹን ሰብስቦ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ራሱ አያውቀውም። ያን ሳይ የነበረኝን ሐሳብ ትቼ አደገኛዋን ካርታ እይዝበታለሁ፤ ሳላይ ደግሞ በድፍረት እጥላለሁ። በዚያ ሌሊት ዕድሌ ጥሩ አልነበረም። ያሸነፍኩት እሱን ስለማውቀው ነው።

ሌሊቱ ሲያበቃ 310 ብሩ ኪሴ ነበር። እሱ «እሺ፣ ደህና እደር» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ሮቤ ገበያ ሄጄ ጃኬት ገዛሁ። ብርድ ነበር አላልኳችሁም?

ለዓረፋ ብዙ ልጆች ወደየቤታቸው ሄዱ። እሱ አልሄደም። «ፈተና አለብኝ» አለ። ፈተና እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ አንድ ክፍል ነበርን። እኔ ግን ምንም አላልኩም። የበዓሉ ዕለት የጎባው ልጅ እናት ሁላችንንም ቤታቸው ጠሩን። ጭኮ በቅቤ ነበር፤ ከሐረና ማር ነበር። እናትየዋ ጓደኛዬን ትክ ብለው አዩትና «አንተ ልጄ፣ ዛሬ እናትህ ቤት መሆን አልነበረብህም?» አሉት። «መኪና አጣሁ» አለ። ጭኮው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አዲሱን ጃኬት ለብሼ ነበር የተቀመጥኩት።

በእግር ወደ መናኸሪያው ስንመለስ እኔና እሱ ወደ ኋላ ቀረት አልን። «ብሩን እመልስልሃለሁ» አልኩት። ዝም አለ። «አሁን ያለኝ 120 ነው፤ ሌላውን ቀስ እያልኩ» አልኩ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ተወው፣ ጨዋታ ነው» ይላል። እሱ ግን «የኔ ብር ቢሆን ኖሮ አልቀበልህም ነበር። የአባቴ ነው፤ ስለዚህ እቀበልሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «እኔ የገረመኝ ግን መሸነፌ አይደለም። አንዴም እንዴት አልሳሳትክም?» አለ።

እዚያው መንገድ ላይ ነገርኩት። ጉልበቱን መታ መታ እንደሚያደርግ፣ እኔም ያንን እያየሁ ሌሊቱን ሙሉ እንደበላሁት። ብሩን ከመመለስ ይልቅ ይሄን መናገር ነው የከበደኝ። ቆሞ አየኝ። ጎባና ሮቤ መካከል ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ገብተን እስክንወርድ ድረስ አልተናገረኝም።

ቀሪውን 190 ብር በአሥር ሳምንት ከፈልኩ፤ በየሳምንቱ 19፣ 19 ብር። በአሥረኛው ሳምንት ብሩን ተቀብሎ ቆጠረና «ካርታውን አምጣ» አለኝ። አራታችን ተቀመጥን። የደብረ ማርቆሱ ልጅ ሕግ አወጣ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጋቢ ላይ ብር አይቀመጥም፤ በቆሎ ነው» አለ። ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት፣ የጎባው ልጅ እናት የሚልኩት ቆሎ። ሲጀመር ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ ይሰጣል። የተሸነፈ አምስት ፍሬ ይከፍላል፤ ያለ ጆከር ለዘጋ ደግሞ አሥር። ያሸነፈ ያሸነፈውን ወዲያው መብላት ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ከእኛ መካከል ሀብታም ሆኖ ያደረ የለም።

በዚያ ምሽት ሦስተኛው እጅ ላይ፣ የደሎ መናው ልጅ ካርታዎቹን ሰብስቦ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። እኔ ደነገጥኩ፤ የያዝኩትን አፍርሼ መጠበቅ ጀመርኩ። ሁለት ዙር ሙሉ ስጠብቅበት የደብረ ማርቆሱ ልጅ ዘጋ። የደሎ መናውን እጅ ብናይ ባዶ ነው፤ አንድም የሞላ ነገር አልነበረውም። «መታ መታ እኮ ነው ያደረግኩት፤ ምን ሆንክ?» አለ። ሦስቱም መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም ሳቅኩ። ይቅር እንዳለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ለምን ይሄን በዚህ ትልቅ መድረክ ላይ እንደምናገር ልንገራችሁ። ኮንከር የሚሸነፈው ጓደኛን በማወቅ ነው ብያለሁ። ያ እውቀት በቆሎ ሲጫወቱበት ቀልድ ይሆናል፤ ለዓመታት «አንተ እኮ እንዲህ ነህ» የምትባባሉበት ሀብት ይሆናል። በብር ሲጫወቱበት ግን ያው እውቀት ጓደኛችሁን መዝረፊያ ይሆናል። ካርታው አልተለወጠም፤ ሕጉም አልተለወጠም። የተለወጠው ጋቢው ላይ የተቀመጠው ነገር ነው። ዛሬ ተማሪው ብሩን የሚያስይዘው በስልክ ነው፤ ውርርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ በቀኙ የተቀመጠ ጓደኛ የለም። ለዓረፋም ሆነ ለገና ቤቱ ያልሄደ ልጅ ቢኖር ለምን እንደቀረ የሚያይ ሰው የለም። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ሣር ላይ ተቀምጠው በቆሎ ሲጫወቱ ካያችሁ እንደዚያ መምህራችን አብራችሁ ቁጭ በሉና «ዕድልህ ስንት ነው?» በሏቸው። ብር ካያችሁ ግን አትለፏቸው።

የጓደኞቼን ስም ያልጠራሁበትን ምክንያት እናገራለሁ ብዬ ነበር። የደሎ መናውን ልጅ ይሄን ታሪክ ልናገር ወይ ብዬ ከመምጣቴ በፊት ደውዬ ጠይቄዋለሁ። «ስሜን አትጥራ፤ ሂሳቡን ግን በትክክል ተናገር» አለኝ። ሂሳቡ እንግዲህ ይሄው ነው፤ 310 ብር ወሰድኩ፣ 310 ብር መለስኩ፣ አንድ ዓረፋ ግን ቀረብኝ። ያን ልመልስለት አልችልም። አሁን ይሄን አዳራሽ ውስጥ ሆኖ እየሰማኝ ነው፤ የት እንደተቀመጠም አልናገርም። በመኪናው ውስጥ መበወዝ ያቃተው ወንድማችንም እዚሁ አለ።

ስለዚህ ከእራት በኋላ ኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ጋቢ ይነጠፋል። ሁለት ካርታ ይዣለሁ፤ አራቱም ጆከር አሉ። ቆሎ ከጎባ መጥቷል፤ የላኩልን እነዚያው እናት ናቸው፤ ዕድሜ ይስጥልን። መጀመሪያ የሚበውዘው ያ ወንድማችን ነው፤ ቢበተንበትም እንለቅማለን። በቀኜ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ መጥታችሁ እዩ። ጉልበቱን መታ መታ ቢያደርግ እንዳታምኑት።